የጫማ ቀለም የተቀባችው መርከብ

መደርደሪያ ልገዛ ሆሳዕና ገበያ አጠገብ ወዳለ የቤት ዕቃ መሸጫ ጎራ ብል፣ ሻጩ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የባሕር ዛፍ አልጋ በቡኒ የጫማ ቀለም ይለቀልቃል። አጠገቡ ለቆሙት እናት ዓይኑን በጨው አጥቦ «ንጹሕ ዋንዛ ነው» ይላቸዋል። የቀለሙን ሽታ ወዲያው አወቅኩት።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ትንሽ የእንጨት መርከብ ልሠራ ተነሳሁ። መርከብ ያየሁት በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው። አናጺው አጎቴ ግን «ከውስጥ የሚይዟት የጎን አጥንቶቿ ቀጭን ስለሆኑ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋሉ» ብሎ፣ የአያቴ ጎጆ ሲፈርስ ካስቀመጠው የወይራ ምሰሶ ቆርጦ ሰጠኝ። ፍቅፋቂውን አኘክ አደረገና «ቅመሺው። ወይራ እንዲህ ይመራል» አለኝ።

ወይራው መጋዝ አላስገባ አለኝ። እጄ ሲላጥ ተሰላቸሁና አጥንቶቹን ከባሕር ዛፍ ሠርቼ የወንድሜን የጫማ ቀለም ቀባኋቸው። ውስጧን ማን ያያል ብዬ!

መርከቧ አንደኛ ወጣች። አጎቴም ከሰው ጋር አጨበጨበልኝ። ከዚያ አነሳትና አንዱን አጥንት በምላሱ ነካ አድርጎ እንትፍ አለ።

«የአባቴን ምሰሶ የቆረጥኩት ለዚህ ነው?» አለና መርከቧን ወደ አፌ አስጠጋ። «ቅመሺው።»

ቀመስኩት።

«ልጄ፣ አልጋው እውነት ዋንዛ ነው?» አሉኝ እኒያ እናት ወደ እኔ ዞረው። ሻጩም ቀና ብሎ አየኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ያ የጫማ ቀለም ጣዕም ምላሴ ላይ መጣ። «ባሕር ዛፍ ነው፤ ይቅመሱት» አልኳቸው።