ቁጥር አይተኩስም

የጉዞው ትእዛዝ የደረሰን ጠመንጃችን ተፈታትቶ ሳለ ነው። እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ይኸው ነው። ኮረብታው አይደለም፤ ጠላትም አይደለም። ጠላትማ ጠላት ነው፤ ሊገድለኝ ተቀምጦ ሲጠብቅ ለምን ተኮሰብኝ ብዬ አልከሰውም።

እኛ ሚሊሺያዎች ነበርን። አዲሱ መሣሪያ ለመደበኛው ጦር ሲሰጥ፣ ለኛ ከመጋዘን የወጣልን አያቶቻችን የሚያውቁት የጀርመን ሞዘር ነው። ሰደፉ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ክብደቱ ትከሻ የሚገነጥል። ላዩ ላይ የተሠራበት ዓመት ተመትቶበታል፤ ጎኑ ላይ ዘውድ ያለባቸው ትንንሽ ማኅተሞች አሉ። የዘውዱን ነገር ማንም አልጠየቀም። የሚያስፈልገን ቁጥሩ ነበር። የጠመንጃው ሙሉ ቁጥር አካሉ ላይ ይመታል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ደግሞ በየዕቃው ላይ፣ በብሎኑ ላይ ሳይቀር አሉ። ዋናው ግን የማቀባበያው ቁጥር ነው። ማቀባበያ ማለት ጥይቱን ወደ ውስጥ ገፍቶ ከኋላው የሚዘጋው ብረት ነው። ሲተኮስ ያ ሁሉ እሳት ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚይዘው እሱ ነው። ፋብሪካው ለዚያው ጠመንጃ እየለካ፣ እየሞረደ ነው የገጠመው። የሌላ ጠመንጃ ማቀባበያም ሊገባ ይችላል። ገባ ማለት ግን ገጠመ ማለት አይደለም።

የአገሩ አቧራ ክፉ ነበር። ስለዚህ ማቀባበያዎቻችንን አውልቀን፣ ነጭ ጋዝ ለመቆጠብ ስንል፣ የቡድናችንን በሙሉ በአንድ ግማሽ በርሜል እንነክራለን። ከዚያ አንዳችን እጁን ከትቶ አንድ በአንድ እያወጣ ቁጥሩን ይጣራል።

«ሰባ ሁለት!»

«የኔ!»

«ሠላሳ አንድ!»

«አቤት ጌታዬ!»

ይህ ደምሴ ነው። የኮልፌ ልጅ ነው፤ አጠና ተራ አጠና ሲሸከም ነው የማውቀው፤ አንድ ቀን ነው የተመለመልነው። ሠላሳ አንድ ሲባል እንደ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይነሳል፤ እኛም በየቀኑ እንደ አዲስ እንስቃለን።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ማቀባበያዎቹ ሁሉ በርሜሉ ውስጥ እንዳሉ፣ መቶ አለቃው እየሮጠ መጣ።

«ተነስ! አሁኑኑ ጉዞ!»

«ጌታዬ፣ ማቀባበያችን ተደባልቋል። ትንሽ ይታገሱን፣ ቁጥሩን እንለይ» አለው ደምሴ።

«ቁጥር አይተኩስም! ያገኘኸውን አንሳ!»

አነሳን። ምን እናድርግ? ትእዛዝ ነው። በርሜሉን መሬት ላይ ደፉት፤ ሁሉም እየተሻማ አንዳንድ ብረት አፈሰ፣ እንደምንም ሰካ፣ ተሰለፈ። ሌሊቱን በሙሉ ስንጓዝ ደምሴ ከኋላዬ ያጉተመትማል። «ይቺ የኔ አይደለችም። የኔዋ ስትዘጋ ድምፅ የላትም። ይቺ ትንገጫገጫለች።»

«አፍህን ዝጋ» አልኩት። እሱስ ምን ያድርግ፣ እውነቱን ነው።

ሊነጋ ሲል ኮረብታው ሥር ደረስን። ከጀርባችን መድፍ ጮኸ። ወጣን። እነሱ ከላይ፣ እኛ ከታች። ድንጋይ ያገኘ ተጋረደ፣ ያላገኘ በደረቱ ተኛ። ተኮስን። ወዲያው የጠመንጃዎቹ ጉድ ተጀመረ። አንዱ ቀለሁ ተቀርቅሮበት በእርግጫ ይመታል። የአንዱ መርፌ ጥይቱን ነክቶ ዝም ይላል። ዓለሙ የሚባል ጓዳችን ማቀባበያው አልዘጋ ብሎት፣ ተንበርክኮ በድንጋይ ሲቀጠቅጠው አናቱን አሉት። ጥይቱ የነሱ ነው። ዓለሙን ያንበረከከው ግን የኛው በርሜል ነው።

ደምሴ ከኔ በስተግራ ነበር። መጀመሪያ ላይ በደንብ ተኮሰ። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፅ የተኩስ ድምፅ አልነበረም፤ ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ነው። ዞር ስል ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። ቀለሁ ወደ ኋላ ፈንድቶ እሳቱና ስብርባሪው ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። እግሩን ይዤ ወደ ቦይ ጎተትኩት። አላለቀሰም፣ እናቱን አልጠራም።

«ነግሬው ነበር እኮ» አለኝ። «ነግሬው ነበር እኮ፣ ተሾመ።»

ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ሞተ። ኮረብታውን ይዘን ነበር። ለምን እንደያዝነው አትጠይቁኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ልቀቁት ተብለን ለቀናል።

በማግስቱ ተርፈን የነበርነው ተቀምጠን ማቀባበያዎቹን በቁጥራቸው አዛመድን። የተሰበረውን መርፌ ከሞቱት ልጆች ጠመንጃ እየፈታን ተካን። ሁሉን ጨርሰን ስንነሳ፣ እሳት ላይ የጣድነው ሻይ ገና አልፈላም ነበር። ደምሴ የለመነው ጊዜ ይቺው ናት። ሻይ የማታፈላ ጊዜ! ወደ መቶ አለቃው ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት። «ጦርነት ነው» አለኝ፤ ፊቱን አዞረ። ጦርነት ነው! ስንት ግፍ ነው በዚህች ቃል የሚሸፈነው!

ይህን ዛሬ ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ብርሃኑ የሚባል የቤት ዕቃ ነጋዴ አለ። መልካም ጎረቤት ነው፤ እንደ ልጄ ነው የማየው። የአባቱ ሙት ዓመት ደርሶ አገር ቤት ሊሄድ ነው። አባትዬው ፈቃድ ያለው አሮጌ ሞዘር ትተውለታል፤ ማቀባበያው ግን ጠፍቷል። ባለፈው ሳምንት ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ከቁራሌዎች የገዛውን ማቀባበያ ይዞ፣ ደስ ብሎት መጣ።

«ጋሽ ተሾመ፣ እስቲ ይዩልኝ። ልክክ ብሎ ገባ! አባቴ መቃብር ላይ ሦስት ጊዜ እተኩሳለሁ።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ዘውዱ አለ። የጠመንጃው ቁጥር መጨረሻ ሌላ፣ የማቀባበያው ሌላ። ዘጋሁት፤ ተንገጫገጨ።

«ይሄ የዚህ አይደለም» አልኩት። «ቁጥሩን አታይም?»

ሳቀ። «ኧረ ጋሼ! ብረት አይደል እንዴ? ቁጥሩ ምን ያደርጋል?»

በዚህ ዕድሜዬ ሰው ልመታ ነበር። ማቀባበያውን መዝዤ ኪሴ ከተትኩና ጮህኩበት፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶኛል። የደምሴን ነገር ነገርኩት። አልገባውም። የገባው ሽማግሌው ዕቃዬን ቀማኝ የሚለው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ በአባቴ ክብር አይቀልዱ! ይመልሱልኝ!»

«አልመልስም። ከፈለግህ ክሰሰኝ።»

ሚስቱ መጣች፣ የዕድር ሰዎች መጡ፣ ለመኑኝ። አልሰጠሁም። በነጋታው ማቀባበያውን ብየዳ ቤት ወስጄ ለሁለት አስቆረጥኩት። ብርሃኑ ሞዘሩን ባዶውን ይዞ ሄደ፤ ለቅሶ ላይ እንደሚደረገው አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይዞ አባቱን አሰበ፤ ጥይት ሳይጮህ ተመለሰ አሉ። ሰው ፊት ያዋረድኩት መስሎታል።

እዚያ ኮረብታ ላይ ከቡድናችን ዘጠኝ ሞቱ። በሰልፍ ላይ መቶ አለቃው «ዘጠኝ ጀግኖች በጠላት ጥይት ወደቁ» ብሎ ተናገረ፤ እኛም ቆመን ሰማን። ዘጠኝ አይደሉም። ጠላት የገደለብን ሰባት ነው። ደምሴንና ዓለሙን የገደልናቸው እኛው ነን፤ በጥድፊያችንና በንቀታችን። እነሱን ከሰባቱ ጋር ደባልቄ አልቆጥርም፤ ድሮም የፈጀን መደባለቁ ነው።

ብርሃኑ እስከ ዛሬ አያናግረኝም። በር ላይ ተቀምጬ ሳለ ባጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ ይገላምጠኛል። በሁለቱም ዓይኑ ነው የሚገላምጠኝ። ይገላምጠኝ።