የእትዬ መዲና ሊትር

ጋሽ ዳኘውን የማያውቅ ሰው ስለ ሐቀኝነት ባያወራ ይሻላል። እኔ አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ ሐቀኝነቱ አንጀቴን አሳርሮኛል።

ነገሩ የሆነው ነዳጅ በኩፖን በሚቀዳበት ዘመን፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። መሥሪያ ቤታችን ለጣና ዳር ዓሣ አስጋሪዎች መረብ የሚያከፋፍል፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሦስት ክፍል ያላት ትንሽ ጽሕፈት ቤት ነበረች። እኔ ወለላ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ታይፕ እመታለሁ። ጋሽ ዳኘው ደግሞ የእንፍራንዝ ሰው ነው፤ ያለችንን አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ይነዳል። መኪናዋ የመንግሥት ናት ብሎ ባለቤቱን እትዬ የብርጓልን አንድ ቀን እንኳ አሳፍሯት አያውቅም። አንድ ክረምት ከገበያ ስትመለስ ዝናብ ሲወርድባት አገኛትና ጭቃ እንዳይረጫት ተጠንቅቆ፣ ቀስ ብሎ በአጠገቧ አለፈ። እሱ ይህን እንደ ፍቅር ነው የሚቆጥረው። እሷ ሦስት ቀን አላናገረችውም።

ገበያ ውስጥም ያው ነው። ሻጭ ከገዛው በላይ ምራቂ ልትጨምርለት ስትል «ያልከፈልሁበትን አልወስድም» ብሎ ይመልሳል። የኑግ ዘይት ከእትዬ መዲና ሱቅ ብቻ የሚገዛውም ለዚህ ነው። እትዬ መዲና የወረታው ነጋዴ የሙሀመድየሱፍ ልጅ ናቸው። በገበያው ምራቂ የማይሰጡ ብቸኛ ሴት እሳቸው ነበሩ። በሊትር ቆርቆሯቸው ጢም አድርገው ይቀዳሉ፣ ይገለብጣሉ፣ በቃ። ሰው ገብጋባ እያለ ያማቸዋል፤ ግን መለኪያቸው አያጎድልም ይባላልና መልሶ ከእሳቸው ይገዛል። እኔም አማቸው ነበር፣ እኔም እገዛ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ትንሽ ካርቶን መጣች። በውስጧ ከመሪው አጠገብ የሚገጠም የነዳጅ ቆጣሪ አለ። መርፌው መኪናዋ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ያሳያል፤ ከሥሩ ያሉት ቁጥሮች ደግሞ የጠጣችውን ሊትር ይቆጥራሉ። አብሮ የመጣው ወረቀት፣ ቆጣሪው ለየመኪናው ካልተስተካከለ አይታመንም ይላል። ልክ አንድ ሊትር ቤንዚን በሌላ ዕቃ አድርጎ ሞተሩን ከዚያ ማጠጣት፤ ሲያልቅ ቁጥሩ አንድ ካላለ ከጀርባ ያለችውን ብሎን ጥቂት አዙሮ እንደገና መሞከር።

ጋሽ ዳኘው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ።

«ልክ አንድ ሊትር ከየት ይመጣል?» አለ።

መሥሪያ ቤቱ መለኪያ የለውም። የቢራ ጠርሙስ ላቀርብለት ብል በዓይኑ ገረፈኝ። «እትዬ መዲና የማይጨምሩ የማይቀንሱ ሰው ናቸው» ብሎ ሄደ። እሳቸው ለለቅሶ ወረታ ወርደው ነበርና ቆርቆሮውን ከልጃቸው ከዘይነት ተውሶ መጣ። በአመድና በሙቅ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ አደረቀው። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ዓባይ ድልድይ ስንመላለስ ከረምን፤ እሱ ብሎኗን ፀጉር በምታህል ያዞራል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እጽፋለሁ። በሰባተኛው ሙከራ ቆርቆሮው ተሟጦ ሞተሩ ትን ሲለው ቁጥሩ አንድ ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ ዳኘው ከመኪናው ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ከእንግዲህ ይህች ዕቃ አትዋሽም» አለ።

መጀመሪያ ደስታ ነበር። ያቺ አሮጊት ላንድሮቨር በሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ሄደች ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ አበራ በስብሰባ ላይ አስጨበጨቡለት። ቀጥሎ ግን አንድ ሰው ቆጣሪውን ከኩፖኑ ጋር አስተያየው። ከማደያ መቶ ሊትር ሲቀዳ ቆጣሪው የሚያየው ዘጠና አንድ ብቻ ነው። በሁለተኛው ወርም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ዘጠኙ ሊትር የት ገባ? በዚያን ጊዜ ነዳጅ መስረቅ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል። ያ ቃል ከስሙ ጋር የተጻፈበት ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። የክሱን ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ። እያለቀስኩ ነው የመታሁት፤ ደግሞም በንዴት።

ንዴቴ በእሱው ላይ ነበር።

«ቆጣሪው ተሳስቷል በላቸው» አልኩት።

«እኔ ራሴ ያስተካከልሁት? አልተሳሳተም።»

«እንግዲያው ሰርቀሃል?»

«አልሰረቅሁም።»

«ታዲያ?»

«እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው» አለ።

ከመኪናዋ ሥር ገብቶ የሚያፈስ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የቆመችበትን አፈር እየዘገነ ያሸታል። ሰውነቱ አለቀ። እትዬ የብርጓል ቢሮ ድረስ መጥታ ነገረችኝ፤ «በእንቅልፍ ልቤ ተነሥቼ ወጥቼ አውቃለሁ ወይ?» ብሎ ጠይቋታል። ሰው ራሱን እስከዚህ ይጠረጥራል? አንጀቴን በላው።

ክሱን የሚመረምረው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ስብሰባ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ዘይት ልገዛ እትዬ መዲና ዘንድ ሄድኩ። ዘይቱን እስኪቀዱልኝ ሁሉንም አወራኋቸው። ቆርቆሮውን እንደያዙ ቆሙ።

«የመኪናውን ዕቃ ሲያስተካክል ሊትሩን በምን ለካው?»

«በዚሁ በእርስዎ ቆርቆሮ ነዋ። ወረታ እያሉ ከዘይነት ተውሶ።»

ቆርቆሮውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑት።

«ስብሰባው መቼ ነው?»

«ነገ ከሰዓት።»

ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ይህች ሴት ለቃልም ገብጋባ ናት ብዬ እየተሳደብኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል፣ እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ጋሽ ዳኘው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ጓድ አበራ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብለው ጀመሩ። ብዙ ሳይሄዱ በሩ ተንኳኳና እትዬ መዲና ገቡ።

«አቶ ዳኘው ሌባ አይደሉም። ጥፋቱ የዚህ ነው» አሉና ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ከጤና ጣቢያው መስመር ያለበት መለኪያ ብርጭቆ አስመጡ። ቆርቆሮውን በውሃ ጢም አድርገው ሞሉና ወደ ብርጭቆው ገለበጡት። ውሃው ሊትሩን አልፎ ወጣ፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ላይ ቆመ። ቆጣሪው አንድ ብሎ የሚቆጥረው ይህን ከነትርፉ ነበርና መቶው ሊትር ዘጠና አንድ መስሎ ታየ። አያጎድልም ስንል ይተርፋል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

«አባቴ ሲሞት ለአጉዳይ ሰፋሪ ወዮለት ብሎኛል» አሉ እትዬ መዲና። «ቆርቆሮ ሠሪው አፉን አንድ ጣት ከፍ እንዲያደርግልኝ አዘዝሁት። ምራቂውን በእጄ ብሰጥ ለወደድሁት ላበዛ፣ ለጠላሁት ላሳንስ ነው። ቆርቆሮ ሰው አይለይም።»

ጓድ አበራ ቆርቆሮውን ገልብጠው ሥሩን አዩ። «ማኅተም የሌለው መለኪያ ነው። ሱቅ እንደሚያሳሽግ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ስመጣም እያወቅሁ ነው።»

ቆርቆሮው ተወሰደ፣ ሱቁ ዐሥር ቀን ታሸገ። የክሱን ደብዳቤ እኔ ራሴ ቀደድኩት፤ የካርቦን ግልባጩን ጭምር። ጋሽ ዳኘው ግን ደስ ያለው አይመስልም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ቀና ብሎ እትዬ መዲናን አያቸው።

«ከእርስዎ ዘይት መግዛት ከጀመርሁ ስንት ዓመት ሆነኝ?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት። የሰው ጠብታ ወስጄ አላውቅም እያልሁ።»

«አልወሰዱም፤ ተሰጠዎት እንጂ» አሉት።

ቆጣሪውን በጤና ጣቢያው ብርጭቆ እንደ አዲስ አስተካከለው። መርፌው ወደ ሰባት ወረደ። ጋሽ ዳኘው «አሁን ዕድሜዋን ተናገረች» ብሎ መሪውን መታ መታ አደረገ፤ ከዚያ ወዲያ ከቆጣሪውና ከኩፖኑ መሐል ሊትር ጠፍቶ አያውቅም።

ሱቁ የተከፈተ ዕለት እኔ ከጋሽ ዳኘው ኋላ ተሰልፌ ነበር። እትዬ መዲና ማኅተም ባለው አዲስ ቆርቆሮ ልክ አንድ ሊትር ቀድተው ጠርሙሱ ውስጥ ገለበጡለት። ከዚያ ቆርቆሮውን እንደገና ከዘይቱ ነከር አደረጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጠርሙሱ ላይ ዘነበል አደረጉት።

«ለምን ይጨፍናሉ?» አልኳቸው።

«እጅ ሰው ያውቃላ» አሉ።

ዘይቱ እስከ ጠርሙሱ አንገት ደረሰ። ጋሽ ዳኘው ትርፉን መልሶ እንደሚገለብጥ ስለማውቅ የሚለውን ጠበቅኩ። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ክዳኑን ገጠመ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ።