እናቴ ወንዙ መሃል የቆመች ቀን

ከአየር ጤና መርካቶ ሚኒባስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጀልባ በቅርብ ያየሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያውም ውሃ ላይ ሳይሆን አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ፣ ተጎታች ላይ ተጭኖ። ባለቤቱ ቀድሞ በእኔ ታክሲ የሚመላለስ ሰው ነበር። ከከተማ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ወንዝ ላይ ጎብኚ ሊያንሸራሽርበት ነው ያስመጣው።

«ወንዙ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቀት የለውም፤ በበጋ ጉልበት አይደርስም» አለኝ። «ለዚህ ነው ጄት ጀልባ ያመጣሁት። ከሥሩ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ውሃውን ከሆዱ ሥር ይስብና ከኋላው ይተፋዋል፤ በዚያ ተገፍቶ ይሄዳል። ሹፌር እፈልጋለሁ።»

«እኔ እኮ ዋና እንኳን አልችልም።»

«እሱንም ትማራለህ።»

ሚኒባሱ የሰው ነበር፤ ወገቤም ደክሟል። እሺ አልኩት። የከበደኝ ለእናቴ መንገር ነበር።

እናቴ ጎጃም ተወልዳ ቀራንዮ ያረጀች ሴት ናት። ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟን ክረምት ላይ ሲሻገር ወንዝ ወስዶታል፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ወንዝ ዳር ቆማ አታውቅም። በአውቶቡስ ድልድይ ስንሻገር እንኳ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ትጥላለች። የአዲሱን ሥራ ነገር ስነግራት፣ «ሌላ እንጀራ ጠፍቶ ነው?» አለች። የሄድኩ ቀን በር ድረስ እንኳ አልሸኘችኝም።

ጄት ጀልባ ለታክሲ ሹፌር ሁሉ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፍሬን የለውም። መሪው የሚታዘዘው ነዳጅ ስትሰጠው ብቻ ነው። ውሃው ሳስቶ አሸዋው ሲታይህ እግርህ ነዳጁን ልልቀቅ ይላል፤ ከለቀቅክ ጀልባው ዝቅ ይልና አሸዋ ላይ ይቀመጣል። ከፈጠንክ ግን ከፍ ብሎ በስስ ውሃ ላይ ያልፋል። ይህን እስክለምድ ስንቴ ወርጄ እንደገፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናቴ ማታ ማታ ትደውላለች።

«ዛሬም ወንዝ ገባህ?»

«ገባሁ።»

«ወጣህ?»

«ወጥቼ ነዋ የማወራሽ።»

«ተመስገን» ትልና ትዘጋዋለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ከቀራንዮ የመጡ ምእመናን ከጉዞ ሲመለሱ ወንዙን ለማየት ቆሙ። ከአውቶቡሱ ከወረዱት አንዷ እናቴ ናት። አልነገረችኝም ነበር።

«ልይህ ብዬ ነው» አለችና ውሃውን ረጅም ጊዜ አየችው። «አዞ የለውም?»

«እዚህ የለም፣ እማዬ።»

ጓደኞቿ ሲገቡ ተከትላ ገባች። የሕይወት አድን ጃኬቱን ከነጠላዋ በላይ አሰርኩላትና ከጎኔ አስቀመጥኳት። ስንነሳ ጉልበቴን ጨምድዳ ያዘችው። ጥቂት እንደሄድን ውሃው ሳሳ፤ እኔም የእሷን ፊት አየሁና ነዳጁን ለቀቅኩ። ጀልባው ከሥር ተፋቀና ቀጥ አለ። ሴቶቹ «እመብርሃን!» አሉ።

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

«ፍጥነት ቀነስኩ፣ አሸዋ ያዘን።»

«ለምን ትቀንሳለህ?»

«አንቺን ፈርቼ።»

ልገፋ ዘልዬ ወረድኩ። አብረው የተሳፈሩት ወንዶችም ተከተሉኝ። ዘወር ስል እናቴ ጫማዋን እያወለቀች ነው።

«እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ።»

«የከበድኩት እኔ ነኝ» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ደግፌ አወረድኳት። ውሃው ባቷ ላይ ቀረ። ወንዙ መሃል ቆመች፤ ጎንበስ አለችና በመዳፏ ዘገነችው።

«ዋናተኛ ነበር እኮ» አለች። ስለ ወንድሟ መሆኑን ለማወቅ አፍታ ፈጀብኝ። «ከብት ሁሉ የሚያሻግረው እሱ ነበር። እኔን አዝሎ ሲያሻግረኝ እንድስቅ እያወቀ ይንገዳገድ ነበር።»

በሕይወቴ ስለ እሱ ከሞቱ ሌላ ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሷም እያወራች ትስቃለች፤ እንባዋም ይወርዳል። ከዚያ ጠረገችውና፣ «በሉ ግፉ እንጂ! እዚሁ ልታሳድሩን ነው?» አለች።

ገፋን፤ ጀልባው ተንሳፈፈ። ሁሉም ሲሳፈር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አሁን አትፍራልኝ» አለችኝ። ነዳጁን ረገጥኩት። ያንን አሸዋ መቼ እንዳለፍነው እንኳ አላወቅንም።

ቀራንዮ ከተመለሰች ወዲህ የምትደውለው ለጀልባው ሰው ልታስመዘግብ ነው። ትናንት ስለ አንዲት ጎረቤቷ ነግራኛለች፦ «ጉልበቷን ያማታል፤ ስትመጣ ፊት ወንበር አስቀምጣት፣ እሺ?»