የወለደች አጋዘን ጠባሳ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ኦክላንድ ውስጥ አንድ ላብራቶሪ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ መኪና የገጫቸው ወይም አዳኝ የጣላቸው ሴት አጋዘኖች ስንት ጊዜ እንዳረገዙ ማወቅ ነው። ባቄላ የምታህለውን ኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል እጢ፣ እንዳትበሰብስ ከተነከረችበት ፎርማሊን አውጥቼ በምላጭ ስስ ስስ አድርጌ እቆርጣታለሁ። ያለፈ እርግዝና ዝገት የመሰለ ጠባሳ ትቶባት ይሄዳል፤ እሱን ቆጥሬ እመዘግባለሁ። ግልገሉ ይደግ ይሙት ግን ጠባሳው አይናገርም።

ሕንፃውን የሚያጸዱት እትዬ የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ፤ በሱዳን በኩል ብቻቸውን የመጡ፣ አርባ ያልሞላቸው። አንድ ቀን ከሰዓት መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ምን እንደምቆርጥ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ሞታ እንኳ ይታወቅባታል?»

«አዎ፣ ይታወቃል።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ሰውስ? ሐኪም ቢያየኝ ያውቅብኛል?»

ያን ዕለት ነው የነገሩኝ። ካርቱም ሳሉ ልጅ የሌላት ቶሎ አሜሪካ ትሄዳለች ሲባል ሰምተው የስደተኞች ፎርሙ ላይ «ልጅ የለኝም» ብለው ሞልተዋል። ልጃቸው አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ እናታቸው ዘንድ ቀርቷል። አሁን ደግሞ የማህፀን ሕመም ይዟቸው አፖይንትመንት ተሰጥቷቸዋል።

«የሰው ሆዱ ካልተከፈተ አይታይም፣ አይስጉ» አልኳቸው። የማላውቀውን ነው በድፍረት የተናገርኩት።

ላስተረጉምላቸው አብሬ ሄድኩ። ሐኪሟ መርምራቸው ስታበቃ ጓንቷን እያወለቀች ስንት ጊዜ እንደወለዱ ጠየቀች። እትዬ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «ወልዳ አታውቅም በያት» አሉኝ። አልኳት። ሐኪሟ ትክ ብላ አየችኝና ቀስ ብላ ደግማ ጠየቀች። እትዬ የተሸፈኑበት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

«ወልደው አያውቁም» አልኩ። ጻፈችው።

በቴሌግራፍ አቬኑ አውቶቡስ ስንመለስ እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አለቀሱ። «ዛሬ ልጄን ሁለተኛ ካድኩት» አሉ።

ሕመሙስ በመድኃኒት ለቀቃቸው። ልጁን የማስመጣቱ ነገር ግን፣ እውነቱን ብናገር ይመልሱኛል በሚል ፍርሃት ከዓመት ዓመት ተንከባለለ። በመጨረሻ ለምኜ እሺ አሰኘኋቸውና ጠበቃ ዘንድ ልንሄድ ቀን ቆረጥን። በዚያው ሳምንት ከእናታቸው ደብዳቤ መጣ፤ ልጁ ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘምቷል። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

እትዬ ሳን ሆዜ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሥራ አግኝተው ሄዱ። አልፎ አልፎ ኮል አደርግላቸዋለሁ። ስለ ጤናና ስለ ሥራ እናወራለን፤ ስለ ልጁ እሳቸውም አያነሱ፣ እኔም አልጠይቅ።