አይለያዩም ያልኋቸው ሁለት አምፕሊፋየሮች

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። የማላውቅህን አንባቢ የመረጥሁት ፊቴን ስለማታይ ይሆን? ይሆናል። ፈሪ መሆኔን አስቀድመህ እወቅ።

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ቆቦ ውስጥ መምህር ነበርሁ። ሰው በየመንገዱ ዳር ሲወድቅ እኔን ያስጨንቀኝ የነበረው፣ አንድ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ልግዛ ወይስ ሁለት ሞኖ የሚል ጥያቄ ነበር። ስቴሪዮው የግራውንና የቀኙን ድምፅ በአንድ ሣጥን ያጎላል፤ ሞኖዎቹ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል። ይህን ለባልደረቦቼ እንደ ታላቅ ዕውቀት አስረዳኋቸው። ሁለቱን ሞኖ ከደሴ አስመጣሁ፤ በመኪና ባትሪ እያስነሣሁ ሙዚቃ ሰማሁ። አዎን፣ በዚያ ዓመት ሙዚቃ ሰማሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አያ ይማም መጡ። በማግስቱ ማለዳ ገበያው ሜዳ ላይ እህል እንደሚታደል፣ የሚሰጠውም በስፍራው ለተገኘ ብቻ እንደሆነ ሰምተዋል። ከደረቀው ወንዝ ማዶ ግራር ሥር የሰፈሩት ግን ወሬው አልደረሳቸውም።

“አንተ መምህር፣ አንዱን ጆሮህን ለዛሬ ጦም አሳድረውና አንዱን ሣጥን ከነባትሪውና ከነስፒከሩ፣ ከትምህርት ቤቱም ማይክራፎን ጋር አውሰኝ። አህያ ላይ ጭኜ እየዞርሁ ልጥራቸው።”

“አያ ይማም፣ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ ከተለያዩ ሁለቱም ይቃጠላሉ” አልኋቸው።

ዋሸሁ። አቧራ እንዳይነካብኝ ብዬ ዋሸሁ። የመረጥኋቸው እኮ ስለሚለያዩ ነበር!

እሳቸው ግን አመኑኝ። “እንዲያማ ከሆነ ተወው የኔ ልጅ፤ የሰው ንብረት አላቃጥልም። አላህ የሰጠኝ ጉሮሮ አለኝ” ብለው በእግራቸው ሄዱ።

ረሃብ ያደከመው እግራቸው ከወንዙ ዳር አላለፈም፤ እዚያው ቆመው ተጣሩ፤ ድምፃቸው ግን ወንዙን አልተሻገረም። ከማዶ ሰፋሪዎቹ አንዷ ዘይነባ ነበረች፤ በደጉ ጊዜ ወተት ታመጣልኝ የነበረች፣ “መምህርዬ፣ ከስተሃል” እያለች ጨምራ የምትቀዳልኝ ሴት። እህሉ ታድሎ ካለቀ በኋላ ሰዎች ደረሱባት። ባዶ ስልቻዋን አጥፋ ተንተርሳው ነበር። ነፍሷ ወጥታለች።

ጥሪውን ብትሰማ ትድን ነበር? አላውቅም። አለማወቄን ግን መሸሸጊያ አላደርገውም። የከለከልሁ እኔ ነኝ። የዋሸሁ እኔ ነኝ።

የሚከፋው ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ነው። በቀብሯ ዕለት አያ ይማም ከጎኔ ቆመው፣ “ጉሮሮዬ ከዳኝ፤ ትንሽ ከፍ አድርጌ ብጣራ ትሰማኝ ነበር” ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔ ምን አልሁ? ትከሻቸውን ይዤ፣ “የአላህ ፈቃድ ነው፣ አያ” አልሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ ዘይነባን ባነሡ ቁጥር አንገታቸውን ይደፉ ነበር። አንዲት ቃል ብተነፍስ ይቀልላቸው ነበር። አልተነፈስሁም። የእኔን በደል እንደ ተሸከሙ ሞቱ።

ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለቱም ከአፈር በታች ናቸው። ስለዚህ አንተን ይቅር በለኝ አልልህም። አንድ ነገር ብቻ እወቅልኝ፦ አያ ይማምን ጉሮሯቸው አልከዳቸውም።