በጥሩነህ መዳፍ ላይ ትቼው የወጣሁት ጎሚኒ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይቺን አንዷን ውጬያታለሁ። ዛሬም የምናገረው በራሴ ላይ አንጀቴ ስላረረ ነው እንጂ ጽድቅ ከጅዬ አይደለም።

በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ላይ መካኒክ የሚባለው እኔ ነበርኩ። አብዱ የሚባል የሐረር ሰው ለጤና ጣቢያችን ድሬሰር ሆኖ ሲመደብ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛት ናት። ሆዷ መሬት ይስማል፤ ለእኛ መንገድ የተፈጠረች አልነበረችም። በሽተኛ አለ ሲባል ግን በእሷ ይደርስ ነበር።

አንድ ቀን መሪዋ እየዋለለ አመጣልኝ። ከሥሯ ገብቼ አየሁ። የፊት ጎማዋን ከመኪናዋ አጽም ከቻሲው በሚያያይዘው ክንድ ውስጥ የሚገባው ጎሚኒ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚያደርገው ላስቲክ፣ ተበልቶ አልቋል።

«ወንድሜ፣ ታገኝልኛለህ?» አለኝ።

«እኔ ካላገኘሁት የለም ማለት ነው» አልኩት። ይቺን ትዕቢቴን ልብ በሉልኝ።

ሞጣ ሄድኩ። እዚያ ጥሩነህ የሚባል መካኒክ አለ። ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ኋላ ተጣልተን ተለያየን። ገደል የገባች ተመሳሳይ መኪና ፈታትቶ ኖሮ አራት ደህና ጎሚኒ አስቀምጧል። በመዳፉ ዘርግቶ አሳየኝ።

«ውሰዳቸው፤ ዋጋም አልልህም። ብቻ ለድሬሰሩ ከጥሩነህ ነው ያገኘሁት በለው።»

የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው። ስሙን እንድጠራ! እኔስ ምን አደረግሁ? ጎሚኒውን መዳፉ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ቢቸና ተመልሼ፣ ሰው በረባሶ ከሚሠራበት ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ አራት ቀለበት ቆረጥኩ። እኔ ቆረጥኩ። እኔ በሞረድ አለሰለስኩ። አዲስ እንዲመስል ጥቁር ቅባት የቀባሁትም እኔው ነኝ። «ከአዲስ አበባ አስመጣሁልህ» ብዬ ገጠምኩለት። እናቴን ጭምር መረቀልኝ። ያ ጎማ ጫናውን እንደማይችል አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር! ጥቂት ወር ከቆየ በኋላ በመንገዱ አሳብባለሁ ብዬ ነበር።

ወር አልሞላም። ከሞጣ ወዲህ ባለ መንደር አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባታል ተብሎ ተላከ። አብዱ የአገራችንን ልጅ ስንዱን፣ ረዳቱን፣ አሳፍሮ በጠራራ ፀሐይ ወጣ። ደብረ ወርቅን እንዳለፉ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማው ተጠመዘዘ፤ መኪናዋ ተገለበጠች። እሱ ክንዱ ተሰበረ። የስንዱ ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ምጥ ላይ የነበረችዋ ሴት የሚደርስላት አጥታ ከነልጇ ሞተች።

ፖሊስ ስብርባሪውን እንድመረምር ጠራኝ። የተበጣጠሰውን የጎማ ቀለበቴን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። «ዕቃው ደህና ነበር፤ ፍጥነት ነው» አልኩ። ዳኛ ፊትም ምዬ ደገምኩት። ማን ይጠረጥረኛል? እኔ የአገሬው ልጅ፣ እሱ ከሩቅ የመጣ እስላም። ከተማው ሊያምነኝ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያንን አውቄ ነው የዋሸሁት።

«ወንድሜ፣ በፍጥነት አልነዳም እኮ፤ አንተ ታውቀኛለህ» አለኝ አብዱ፣ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ።

አላውቅህም አልኩት። ታሰረ። ሲፈታ ሥራ አልነበረውም፤ አገሩ ገባ፤ እዚያው መሞቱን ሰማሁ።

ስንዱ ዛሬም ቢቸና አለች። በክራንች ገበያ ስትወጣ ታገኘኝና «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» ትለኛለች፤ ጎንበስ ብላ፣ በዚያ በአንድ እግሯ! አብዱን ስታነሳ ደግሞ «አፈሩን ያክብድበት» ትላለች። እኔም አሜን እላለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አሜን አልኩ!

ድህነት ነው፣ ዘመኑ ነው፣ ዕቃ ጠፍቶ ነው አትበሉልኝ። ዕቃው ነበር። ይቅር በሉኝም አልላችሁ፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ነገ ጠዋት ስንዱ ቤት እሄዳለሁ። ቁጭ በይ ብትለኝም... ብትለኝም አልቀመጥም፤ ቆሜ እነግራታለሁ። ያን ሁሉ ዓመት በንጹሕ ሰው መቃብር ላይ የጣለችውን እርግማን ታንሳው። ባለቤቱ መጥቷል።