ከመጋረጃው ኋላ ያለው ሳል

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የእንስሳት ሕክምና ጸሐፊ ሆኜ ሆሳዕና ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስለ ውሾች ጤንነትና ጥቅም እጠይቅ ነበር። ለጥናት ነው ብል ማን ይመነኝ! የተመዘገበ ውሻ ሁሉ ሊመረዝ ነው የሚል ወሬ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ያንኳኳሁበት ቤት ሁሉ «ውሻ የለንም» አለኝ። አለቃዬ ፊት ባዶ መዝገብ ይዤ መቅረቤን ሳስብ እረፍት አጣሁ።

እትዬ ሎምቤም እንደ ሌሎቹ «የለንም» አሉኝ። ወዲያው ከመጋረጃው ኋላ ውሻ ጮኸ።

«ይኼስ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ ነው፤ ሳል ይዞት ተኝቷል።»

ውሻው ደገመ።

«ውይ! ዛሬስ ጠናበት» አሉ።

እርሳሴን እያገላበጥኩ፣ ልነሳ ስል መልሼ እየተቀመጥኩ ስቁነጠነጥ፣ አንድ ጎልማሳ ከውጭ ገባ።

«እንደምን ዋላችሁ? ቤቴ እንግዳ አለ እንዴ?»

እትዬ ሎምቤ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ «አንተ! በዚህ ሳልህ ማን ከአልጋ ተነሳ አለህ? ግባና ተኛ!» አሉት።

ሰውዬው እኔን አየ፤ መዝገቤን አየ። መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም ማሳል ጀመሩ።